ሦስተኛው መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት፦ የአንዲት የ71 ዓመት የደም ግፊት ታካሚ ጉዳይ

ታኅሣሥ 13 ቀን ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ለክትትል የመጡት እናት የ71 ዓመት ሴት ናቸው። ግፊታቸው ሲለካ 178 በ96 ሆነ። ካርዳቸው ላይ አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራምና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም፣ ሁለቱም በቀን አንድ ጊዜ እንዲወሰዱ ታዟል። ካርዱን ብቻ ላየ ሰው ቀጣዩ እርምጃ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ስላልበቁ ሦስተኛ ይጨመር። ጤና መኮንኑም ኢናላፕሪል ሊጨምር እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር።

የክትትል ክፍሉ ነርስ ግን የአንድ ቀን ጊዜ ጠየቀች። ይህን የጠየቀችው አደጋ አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ነው። ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የአንድ ወገን መዛል፣ ንግግር መያዝ ወይም የበረታ ራስ ምታት ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ የሪፈር እንጂ የክትትል ባልሆነ ነበር። አንዱም አልነበረም። «እማማ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ያቆሙትንም፣ ከውጭ የገዙትንም፣ ሰው የሰጠዎትንም በፌስታል አድርገው ነገ ጠዋት ይዘውልኝ ይምጡ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ የተገኘው ነገር ለማንኛውም የክትትል ክፍል ይጠቅማልና በዝርዝር ቀርቧል። የታካሚዋን ማንነት የሚጠቁም ነገር ሁሉ ወጥቷል።

ካርዱ ላይ የነበረው

ታካሚዋ ከአራት ዓመት በላይ በክትትል ላይ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ብቻ ይበቃቸው ነበር። ነሐሴ 13 ግፊታቸው 136 በ80 ነበርና 30 ፍሬ ተሰጥቷቸው ሄዱ። መስከረም 13 ሲመለሱ 164 በ90 ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑ ወደ 10 ከፍ ተደረገ። ጥቅምት 13 ወደ 148 በ84 ወረደ፣ ካርዱ ላይም «ጉልበትና እግር ያማቸዋል» የሚል አጭር ማስታወሻ ተጻፈ። ኅዳር 13 ደግሞ 162 በ90። ያን ቀን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጨመረ። ከዚያ የታኅሣሡ 178 በ96 መጣ።

በአራት ወር ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን እጥፍ ሆኗል፣ ሁለተኛም ተጨምሯል፣ ግፊቱ ግን ከነሐሴው በ42 ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ካርድ ሲገጥም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው መድኃኒቱ ለምን አልሠራም የሚለው ሳይሆን መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘው የሚወስዱት በአማካይ ግማሾቹ ብቻ እንደሆኑ አስፍሯል። ካርዱ ላይ ግን በየወሩ «መድኃኒት ይወስዳሉ» ተብሎ ምልክት ተደርጓል። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ አዛውንት አክብሮት ስላለው «አዎ» ይላል። እንዲህ የተገኘ መልስ ምንም አይነግረንም።

ልኬቱ ራሱ

ነርሷ ከሁሉ በፊት ግፊቱን እንደገና ለካች። የመጀመሪያው ሲለካ ታካሚዋ ደረጃ ወጥተው ወዲያው ነው የተቀመጡት፤ ወንበሩ መደገፊያ የለውም፤ የሹራባቸው እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዳቸውን አጥብቆ ይዟል፤ ክንዳቸው ተንጠልጥሏል፤ እየተለኩም ስለ ቀጠሮ ይጠየቁ ነበር። እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ ክንድ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ሲለካ የላይኛው ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ከሚለካው በአማካይ በ6.5 እንደሚበልጥ፣ ጭን ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በ3.9 እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ከሁለተኛው ልኬት በፊት ሽንት ቤት ደርሰው መጡ። ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ ወለል ላይ አሳርፈው፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አምስት ደቂቃ ያለ ወሬ ተቀመጡ። እጅጌው ወጥቶ በባዶ ክንድ ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለካ፦ 170 በ92 እና 166 በ90። ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ሲለካም 160 እና 158 ሆነ። የቆመው ልኬት ለአረጋውያን ሊዘለል አይገባም። ሲቆሙ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ መድኃኒት መጨመር ማለት መውደቅን መጋበዝ ነው። የዳሌ አጥንት የተሰበረ የ71 ዓመት ሰው ደግሞ ግፊቱ 130 ቢሆንም ብዙ አላተረፈም።

ስለዚህ ከ178ቱ ውስጥ አሥር ያህሉ የአለካኩ ነው። ቀሪው 168 ግን እውነተኛ ነው፣ ምክንያትም አለው።

ፌስታሉ

በማግስቱ የመጣው ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ውስጡ የነበረው ይህ ነው፦ 11 ፍሬ የቀረበት አምሎዲፒን 10፤ 24 ፍሬ የቀረበት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25፤ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ፣ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠና የማብቂያ ቀኑ የማይነበብ የአምሎዲፒን 5 ስትሪፕ ሁለት ፍሬ ይዞ፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም፣ ከ20ው 6 የቀረው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ሽንኩርት፤ የሽፈራው ዱቄት።

ኅዳር 13 የተሰጠው ከሁለቱም 30 ፍሬ ነው። ከኅዳር 14 እስከ ታኅሣሥ 13 ያለው 30 ቀን ስለሆነ ሁለቱም ስትሪፖች ባዶ መሆን ነበረባቸው። ከአምሎዲፒን የጎደለው 19 ነው፣ ማለትም 63 ከመቶ። ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ የጎደለው 6 ብቻ ነው፣ 20 ከመቶ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጎደለው ፍሬ መወሰድ ለነበረበት ሲካፈል። በልማድ 80 ከመቶና በላይ የሆነው በቂ ተብሎ ይያዛል።

ነገር ግን የጎደለ ፍሬ ሁሉ የተዋጠ አይደለም። ነርሷ ስትጠይቅ ሦስት የአምሎዲፒን ፍሬ መድኃኒቷ ላለቀባት ጎረቤት መሰጠቱ ታወቀ። «አበደርኳት እንጂ አልሰጠኋትም፤ ስትሞላ ትመልስልኛለች» አሉ። በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው፤ ክፋት የለበትም፤ ቆጠራውን ግን ያዛባል። እውነተኛው ቁጥር 16 ከ30 ሆነ።

ጥያቄው እንዴት ተጠየቀ

ነርሷ ልጃቸውን ውጭ አስቆይታ በሩን ዘጋች። ልጅ ፊት «አልወሰድኩም» ማለት ለእናት ከባድ ነው። ከዚያ እንዲህ ጀመረች፦ «እማማ፣ ይሄ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ባለፈው ሳምንት እርስዎን ስንት ቀን አመለጠዎት?» መርሳቱን የተለመደ ነገር አድርጋ ስላቀረበችው መልሱ በነጻነት ወጣ። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒትም ለብቻው ጠየቀች፤ ምክንያቱ ለሁለቱ አንድ አልነበረምና።

ስለ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፦ «የኔ ልጅ፣ እሱ ሽንት ያመጣል። ቅዳሴ ላይ ስንቴ ተነሥቼ እወጣለሁ? ደሞ ጾም ነው፣ ውኃ ሳልጠጣ በምን ልዋጠው?» ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገብቷል፤ እሳቸው ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም፤ እሑድ ደግሞ ጠዋቱን ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ «ጠዋት 1» ተብሎ ተጽፏል። ጠዋት ካመለጠ የዚያ ቀን እንደተዘለለ ነው የተረዱት። የተዋጡት ስድስት ፍሬዎች አብዛኞቹ የቅዳሜ ናቸው። ሌላውን ቀን የዘለሉት ረስተው አይደለም፤ ፖስታው ላይ ተጽፎ የተነበበላቸውን ቃል በቃል እየጠበቁ፣ ጾማቸውንም እየጠበቁ ነው።

ስለ አምሎዲፒን የተናገሩት ሌላ ነው፦ «እግሬን ያሳብጠኛል። ጫማ እንቢ ሲለኝ ሦስት አራት ቀን አሳርፈዋለሁ፣ ይጎድልልኛል፣ ከዚያ እቀጥላለሁ።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ጥቂት ሰኮንድ ተጭና ለቀቀች። ጉድጓዱ ቀረ፤ በሁለቱም እግር እኩል። ይህ የታወቀ የአምሎዲፒን ጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በመጠኑም ይወሰናል። በመድኃኒቱ ይፋዊ መግለጫ ላይ እብጠቱ 5 ሚሊ ግራም ከሚወስዱ 100 ሰዎች ወደ 3 በሚሆኑት፣ 10 ሚሊ ግራም ከሚወስዱት ግን ወደ 11 በሚሆኑት ላይ የታየ ሲሆን ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። የሚመጣውም መድኃኒቱ ቀጫጭኖቹን የደም ወሳጅ ሥሮች ከደም መላሾቹ ይልቅ ስለሚያሰፋ፣ ፈሳሹ በግፊት ወደ ሕብረ ሕዋሱ ስለሚሠርግ ነው። ኩላሊት ውኃ ስለያዘ ስላልሆነ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ብዙም አይፈታውም። የልብና የኩላሊት ምልክት አለመኖሩ ግን መታየት አለበት፤ የትንፋሽ ማጠር፣ ትራስ ደራርቦ መተኛት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን። አልነበራቸውም።

«ማሳረፉ» ያልጎዳቸው የመሰላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። አምሎዲፒን ደም ውስጥ በግማሽ ለመጉደል ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በአረጋውያን ከዚያም ይረዝማል። አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አይሰማም፤ ሦስት አራት ቀን ሲዘለል ግፊቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። እግሩ ደግሞ ዓይን እያየ ይጎድላል። የሚታየው ጥቅም ከማይታየው ጉዳት ጋር ሲመዘን ማንም አስተዋይ ሰው እሳቸው ያደረጉትን ያደርጋል። ለዚህ ሰው «መድኃኒት አይቋረጥም» ብሎ መቆጣት ፋይዳ የለውም።

ሰንሰለቱ ከየት ተነሣ

እብጠቱ የመጣው መጠኑ ወደ 10 ከፍ ካለ በኋላ ነው። መጠኑ ከፍ ያለው በመስከረሙ 164 ምክንያት ነው። መስከረም ላይ ታዲያ ምን ተፈጠረ? መልሱ የነበረው የግድግዳው ካላንደር ላይ ነው።

ታካሚዋ ቀጠሯቸው ሁልጊዜ በ13 ነው፤ የሚካኤል ማግስት ስለሆነ አይረሱትም። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 30 ፍሬ ከ13 እስከ 13 ልክ ይደርሳል። በዓመት አንዴ ግን አይደርስም። ነሐሴ 13 ሰላሳ ፍሬ የወሰደ ሰው እስከ መስከረም 13 ያለው ጊዜ፣ ጳጉሜን ስለሚገባበት፣ 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት 36። ከነሐሴ 14 ጀምሮ በታማኝነት አንድ አንድ የዋጠ ሰው የመጨረሻዋን ፍሬ የሚውጠው መስከረም 8 ነው። ከ9 እስከ 13 አምስት ቀን ባዶ። አምስት ቀን ለአምሎዲፒንም ቢሆን ብዙ ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ከእንቁጣጣሽ የተረፈው ጨው የበዛበት ወጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆኑን ልብ ይሏል።

መስከረም 13 የተለካው ግፊት አምስት ቀን መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ግፊት ነው። መድኃኒቱ እንዳልሠራ ተቆጠረና እጥፍ ተደረገ። እጥፉ እግር አሳበጠ። ታካሚዋ እብጠቱን ቁርጥማት ነው ብለው ጥቅምት ላይ ዳይክሎፌናክ ገዙ። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ ግፊት ይጨምራሉ፣ እብጠትም ያባብሳሉ። ግፊቱ ወጣ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጨመረ። ጾም ገባ፣ እሱም ሳይዋጥ ቀረ። ቀጥሎ ሊመጣ የነበረው ኢናላፕሪል ነው፤ ከዳይክሎፌናክና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር በአንድ አረጋዊ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ የሚችሉ ሦስት መድኃኒቶች። ማንም በክፉ ልብ የሠራው ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ካርዱ ላይ ትክክል ይመስላል። «ታካሚዋ አይወስዱም» የሚለው ግን እዚህ ላይ የችግሩ መነሻ ሳይሆን የሕክምናው ውጤት ነበር።

ምን ተለወጠ

ነርሷ ያገኘችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ለጤና መኮንኑ አቀረበች። ውሳኔው የእሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የደም ግፊት መመሪያ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ራሳቸው ሕክምናውን መስጠት እንደሚችሉ ይመክራል፤ የሚመክረው ግን ሥልጠና፣ የማዘዝ ሥልጣን፣ የተጻፈ አሠራርና የሐኪም ክትትል ሲኖር ነው። እዚህ ጤና ጣቢያ ነርሷ አታዝም።

ዳይክሎፌናክ ቆመ፤ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም፣ ሲያም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከስድስት ፍሬ ሳያልፍ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆመ። አምሎዲፒን ወደ 5 ተመለሰ። የኩላሊትን ሥራ ለማየት ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየምና ሽንት ተመረመረ፤ ደህና ነበር። ግፊቱ 168 ሆኖ ሳለ መድኃኒት መቀነስ ድፍረት ይመስላል። ድፍረቱ ግን የተመሠረተው 5 ሚሊ ግራም በትክክል ሲወሰድ 136 እንደነበር በካርዱ በመታየቱና በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳግም ልኬት በመኖሩ ላይ ነው። ያለ ዳግም ልኬቱ ቅነሳው ባልተደረገ ነበር።

ሰዓቱ ማታ ከእራት በኋላ ሆነ፣ 2 ሰዓት ገደማ። ስለ እምነት ክርክር አልተገባም፤ አላስፈለገም። አምሎዲፒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሠራል። በብሪታንያ ከ21,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ታይም የተባለው ጥናት የግፊት መድኃኒት ጠዋት ቢወሰድም ማታ ቢወሰድም ለድንገተኛ የልብ ጥቃትም ሆነ ለስትሮክ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። በሚቆርቡበት ዋዜማ ከመጨረሻው ማዕድ ጋር ይወሰዳል። ማታ ከረሱት በማግስቱ ባስታወሱት ጊዜ ይውጡታል፣ ሁለት ፍሬ በአንድ ላይ ግን በፍጹም። ነጭ ሽንኩርቱና ሽፈራው ምግብ ውስጥ ቢገቡ አልተከለከሉም፤ የመድኃኒቱን ቦታ አይያዙ ብቻ ተባለ። አሮጌው ስትሪፕ ወደ ፋርማሲው ተመለሰ።

መድኃኒቱ ኮመዲኖ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ቤታቸው የሄደችው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማታ ከሚጸልዩበት ቦታ ጎን፣ የልጅ ልጆች እጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። እሳቸው ጸሎት አይረሱም። ፊደል ስላልቆጠሩ በፖስታው ላይ ጨረቃ ተሣለችበት። ነርሷ የተባሉትን በራሳቸው አፍ እንዲያስረዱ አደረገች፦ «እስቲ እማማ፣ ዛሬ ማታ እንዴት እንደሚወስዱ ለልጅዎ ይንገሯት።» የመጀመሪያው መልስ ላይ «ካበጠኝ ላሳርፈው?» የሚል ነገር ገባ። «ካበጠዎት ለእኔ ይደውሉ፣ ሳይነግሩኝ አያቁሙ» ተብሎ እንደገና ተደገመ። «ገባዎት?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ «ገባኝ» ብለው ይሄዱ ነበር።

የስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ በትልቁ ተጻፈ፣ ሦስተኛው ቀን ላይም ነርሷ ቀድማ ደወለች። ጥሪው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። የጠየቀችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተነጋገርን ወዲህ ስንት ፍሬ ጎደለ?

ቁጥሩ እንዴት ሄደ

ታኅሣሥ 28 ግፊቱ 154 በ86 ሆነ፣ እብጠቱ በጣም ቀንሶ ነበር። ጥር 13 ደግሞ 146 በ84። 29 ፍሬ መዋጥ ሲገባ 27 ተውጧል፤ 93 ከመቶ። አሁን ግፊቱ ከ140 በላይ የሆነው መድኃኒቱ እየተወሰደ ነው፤ አሁን መጨመር ትክክል ነው። ሊሲኖፕሪል 10 ሚሊ ግራም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጉርሻ ውኃ ተጨመረ። የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት የአምሎዲፒንን እብጠት ስለሚቀንስ ለእሳቸው ተመረጠ። ደረቅ ሳል ሊያመጣ እንደሚችል፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለባቸው ለልጃቸውም ተነገረ። ሌሊት ሲነሡ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጠው እንዲቆሙም ተመከሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ተደገመ፤ አልተዛባም። የካቲት 13፦ 134 በ78፣ ቆመው 126 በ76።

መጋቢት ላይ ነገሩ ተበላሸ። አምሎዲፒን 5 ከመድኃኒት ክፍሉ አልቆ ነበርና በምትኩ 15 ፍሬ አምሎዲፒን 10 ተሰጣቸው፣ «ግማሽ ግማሽ» ተብሎ በቃል። አዲሱ ክኒን ከበፊቱ የሚለየው በቅርጹ ነው፤ ስትሪፑ ላይ ያለውን ቁጥር እሳቸው አያነቡም። ሙሉውን ዋጡት። በአሥረኛው ቀን እግራቸው አበጠ። ልዩነቱ፣ በዚህ ጊዜ «ማሳረፍ» አልነበረም፤ ልጃቸው ደወለች። ነርሷ የቀሩትን በፋርማሲው መቁረጫ ለሁለት አስቆርጣ፣ በትንሽ ጠርሙስ አድርጋ አስረከበች፤ ሌሎች አምስት ፍሬዎችም እንዲሁ ተቆርጠው ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ ወይም መጠን በተለወጠ ቁጥር የፋርማሲ ባለሙያው አሮጌውንና አዲሱን ክኒን ጎን ለጎን አሳይቶ ያስረክባል። ግማሽ መደረግ ያለበት ካለ እዚያው ይቆረጣል። የ71 ዓመት ሰው በወጥ ቤት ቢላ ክኒን እንዲቆርጥ ማዘዝ ተገቢ አይደለም።

ሌላው ችግር ከውጭ የመጣ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መለኪያ ላከ። እጅ ከልብ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ አንድ ማታ 118፣ በማግስቱ 160 እያሳየ ቤቱን አስጨነቀ። 118 ባሳየባቸው ሁለት ማታዎች መድኃኒቱ ተዘሏል። ለወላጅ መለኪያ ለመላክ የሚያስብ ሰው ላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይምረጥ፤ አስቀድሞም የክንዱን ዙሪያ በሜትር አስለክቶ ይጠይቅ። መካከለኛው ማሰሪያ ባብዛኛው ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው፤ ከዚያ ለሚወፍር ትልቁ ያስፈልጋል፣ ጠባብ ማሰሪያ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያልና። ከመለኪያው ጋርም አንድ ደንብ አብሮ ይላክ፤ በአንድ ቀን ቁጥር ተነሥቶ መድኃኒት አይዘለልም፣ አይደገምም። ማዞር ከኖረ ይደወላል።

ሁዳዴው፣ 55 ቀኑ፣ ያለ ችግር አለፈ፤ ማታ ማታ ስለሚወሰድ ጾሙ ሊነካው አልቻለም።

ነሐሴ 13 ነርሷ ማዘዣው ላይ ከእያንዳንዱ መድኃኒት 40 ፍሬ እንዲጻፍ አስደረገች፤ 35 ለቀኑ፣ አምስት ለመጠባበቂያ። የመድኃኒት ክፍሉ የወር ማለት 30 ነው ብሎ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ቀኖቹ ካላንደር ላይ ተቆጥረው ታዩና ተሰጠ። ለሌሎቹ የክትትል ታካሚዎችም ጥያቄው ያው ነው፤ ለወርም ሆነ ለሦስት ወር የሚሰጥ፣ በሚሸፍነው ጊዜ ውስጥ ጳጉሜን የሚገባበት ማንኛውም ማዘዣ የጳጉሜንን ቀኖች ማካተት አለበት። 28 ፍሬ በሚይዝ ፓኮ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ በየወሩ ሁለት ቀን ያጎድላል፤ ፓኮ ሳይሆን ፍሬ ነው መቆጠር ያለበት። እስካሁን ይህ በየማዘዣው በእጅ እየተጻፈ የሚሠራ ነው፣ ነርሷ በሌለችበት ቀን ደግሞ 30 ተሰጥቶ የሚወጣ አለ።

መስከረም 13 የታካሚዋ ግፊት 132 በ78 ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ከሁለቱም መድኃኒት ስድስት ስድስት ፍሬ ተርፏል፤ 35 መዋጥ ሲገባ 34 ተውጧል ማለት ነው። ያቺ ጎረቤታቸውም አብራ መጥታ ካርድ አወጣች።